ዘማሪዋ ወፍና የጫካው አይጥ

 

ከደሴ በስተሰሜን ሐይቅ ከተማ የደረሰ ሰው፣ ከሐይቁ ዳር የእስጢፋኖስን ገዳም ደን ያያል። ቦታው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ከደኑ ውጭ ያለው አብዛኛው እርሻ ነው። ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚጻፍለት በሐዲስ ሰምተናል። ዛሬ ግን ነገሩን ገልብጠን፣ ማንም ሰው ያልተከለውን ወይራ ማን ተከለው ብለን እንጠይቅ።

በአገራችን ደጋማ ደኖች ሁለት ፍጥረታት አሉ። አንደኛዋ አጥኚዎች የሐበሻ ካትበርድ የሚሏት ግራጫ ወፍ ናት፤ በሌላ አገር አትገኝም። ወንዱ ሲያዜም ሴቲቱ ትቀበለዋለች። ሌላው እግሩ ነጭ የሆነ የጫካ አይጥ ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን ዘመኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1842 ነው፤ የወፏ መግለጫ የወጣው በዓመቱ ነው። ወፏን ቀን እንሰማታለን፤ አይጡ የሌሊት ነው፣ ብናየውም ደስ አይለንም። በእርግጥ ጎተራ የሚያራቁተውን አይጥ ማን ይወዳል!

ልዩነታቸው ግን ከድምፅ ይልቅ በፍሬ ላይ ጎልቶ ይታያል። ፍሬ በል ወፎች የወይራን ፍሬ ይውጣሉ፤ ሥጋው ሆዳቸው ውስጥ ይቀልጣል፣ ጠንካራው ዘር ደግሞ ወፏ ባረፈችበት ቁጥቋጦ ሥር ይወድቃል። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች የወይራ ችግኝ እንደ ደደሆ ባለ ቁጥቋጦ ጥላ ሥር ከፀሐይና ከከብት ተጠልሎ የተሻለ እንደሚያድግ አሳይተዋል። የጫካ አይጥ ግን መሬት የወደቀውን ዘር ፈልፍሎ ይበላል። እናት ዛፏ ሥር የተከማቸ ዘር እንግዲህ ለአይጥ ገበታ ነው፤ ራቅ ብሎ የተበተነው የማምለጥ ዕድል አለው። አይጡን ደግሞ ጉጉትና እባብ ይበሉታል፤ እርሱ ባይኖር እነርሱም ይራባሉ። ስለዚህ አይጡን ጠላት ብለን መፈረጅ አልፈለግንም።

የሚያሳስበን ደደሆው ነው። ለአጥርና ለማገዶ ስንመነጥረው ወፏ የምታርፍበትን፣ ችግኙም የሚጠለልበትን አብረን እናነሳለን። ማለዳ ጥርሳችንን የምንፍቅበት፣ የወተት ዕቃ የምናጥንበት ወይራ ከእንዲህ ዓይነት ቁጥቋጦ ሥር የበቀለ ሊሆን ይችላል። የገጠር አድማጮቻችን በአካባቢያችሁ ደደሆ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ትንሽ የወይራ ችግኝ ታገኙ ይሆናል።