አንድ ዜማ በብዙ መልክ፤ ከጎንደር አቋቋም እስከ እማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ አንድ ሰው ለብቻው በቁልፍ መሣሪያ ፊት ተቀምጦ አንዱን ዜማ መልኩን እየለዋወጠ ስለሚጫወትበት ጥበብ ነው። አውሮፓውያን ይህን ጥበብ በባሮክ ዘመን ከከፍተኛ ደረጃ አድርሰውታል። ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ እ.ኤ.አ. በ1741 ያሳተመው፥ ኋላ በጎልድበርግ ስም የታወቀው ድርሰት የተጻፈው ለሐርፕሲኮርድ ነው። መነሻው ዜማ ከተሰማ በኋላ 30 ጊዜ መልኩን ይለውጥና በመጨረሻ እንደ ነበረ ይመለሳል። በ30ዎቹ ውስጥ ጸንቶ የሚቆየው ግን ከላይ የምንሰማው ዜማ ሳይሆን ከሥር ያለው የወፍራሙ ድምፅ አካሄድ ነው።

ሐርፕሲኮርድ እንደ ፒያኖ ክሩን በመዶሻ አይመታም፤ የክራር ተጫዋች በመምቻው እንደሚያደርገው ክሩን ይነቅሰዋል። ተጫዋቹ ቁልፉን ቢያጠብቅ ቢያላላ የድምፁ ጉልበት ያው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህም ደራሲው አድማጩን የሚይዘው በጌጥ፥ በፍጥነትና በአካሄድ ለውጥ ነው።

የቁልፍ መሣሪያ ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አልነበረም። የፖርቱጋል መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1520 ለዐፄ ልብነ ድንግል ካመጡት ገጸ በረከት አንዱ ኦርጋን እንደ ነበረ ቄስ አልቫሬዝ ጽፏል። መሣሪያው ሥር አልሰደደም እንጂ ጥበቡ ራሱ፥ ማለትም አንዱን ዜማ በብዙ መልክ ማቅረብ፥ በጎንደር አድባራት ውስጥ ያለ ቁልፍ መሣሪያ ሲሠራበት ኖሯል።

የበአታን የአቋቋም ትምህርት የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይስተውም። ሊቃውንቱ አንዱን ቃል በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ያደርሱታል። ቀጥሎ መቋሚያ እያወዛወዙ በዝማሜ፥ ከዚያም በከበሮና በጸናጽል በመረግድ፥ በመጨረሻም ፈጠን ባለ ጽፋት በጭብጨባ ይመላለሱበታል። ቃሉ አንድ ነው፤ ጊዜው፥ ክብደቱና የሰውነቱ እንቅስቃሴ ግን በየደረጃው ይለወጣል። ስልቱም ላይ ቤት፥ ታች ቤትና ተክሌ እየተባለ ይከፈላል። በቀልዳቸው ብቻ የሚታወሱት አለቃ ገብረ ሐና በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ ዝማሜ አመንጪ መሆናቸው ሲነገር ስንቶቻችን ልብ እንላለን?

ሁለቱን ወንዞች ያገናኙት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊን ተማሩ። በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘዋል። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ዘንድ ተምረው ሲመለሱ፥ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም መነኑ።

ለእኛ ትልቁ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑበት ጊዜ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ከደጁ ላይ የሚተኙ ወጣቶች ያያሉ። እነማን እንደ ሆኑ ሲጠይቁ ዜማ ለመማር የመጡ፥ እህል ለምነው የሚያድሩ ተማሪዎች መሆናቸው ተነገራቸው። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በፒያኗቸው ሊረዷቸው ቆረጡ፤ በጀርመን አገር የታተሙት ሸክላዎች ከዚህ አሳብ ጋር የተያያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ገዳም ኖሩ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

የውጭ አገር ሐያስያን ሥራቸውን አንዴ ከሳቲ፥ አንዴ ከጃዝ ጋር ያመሳስሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። «ዘ ሆምለስ ዋንደረር» የተባለውን ያዳመጠ ባለሙያ ግራ እጅ ዝግ ብሎ ሲጠብቅ ቀኝ እጅ በአምስቱ ድምፆች ላይ እየተርገበገበ ያንኑ ሐረግ በሌላ ጌጥ ሲመልሰው ይሰማል። ጊዜው እንደ ሰዓት የተቈረጠ ሳይሆን እንደ ዜማ ትንፋሽ የሚረዝምና የሚያጥር ነው። ይህን ከፓሪስ ማምጣት አያስፈልግም።

ለሙያችን የሚከብደው ግን ጉዳዩ በጽሑፍ ሲታሰብ ነው። የድጓው ምልክት ዜማውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ እንጂ ለማያውቀው መምህር አይደለም፤ ሌላው ከመምህሩ አፍ ይቀዳል። የእማሆይ ድርሰቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በማያ ዱኒየትዝ ጥረት በኖታ ታትመዋል። ሥራው ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ተማሪው የታተመውን ብቻ ሲጫወት ከብዙው መልክ አንዱን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የፒያኖ መምህራን በፈተና ላይ ተማሪውን ኖታውን ካነበበ በኋላ መጽሐፉን አስከድነው ያንኑ ዜማ በሁለተኛና በሦስተኛ መልክ እንዲያሰማ ቢጠይቁት እላለሁ። የበአታ ተማሪ ይህን ይጠየቃልና፥ ከእነርሱ መምህራን አንዱን ጠርተን የአፈታተኑን ሥርዐት እንዲያስረዱን ለማኅበሩ አሳስባለሁ። ለመጓጓዣና ለማረፊያቸው ግን ከአሁኑ በጀት ይያዝ።