በአንድ ጣሪያ ሥር ያልተያዩ ኮምፒውተሮች

እርሷ፦ ወንድሜ ሆይ፣ ወረዳኔት የተባለው መረብ የወረዳን ጽሕፈት ቤት ከሩቅ መሥሪያ ቤት ጋር በቪዲዮ ካነጋገረ በኋላ፣ እዚሁ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ በአሰላ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ሳይተያዩ ሲውሉ፣ ጸሐፊዋም ደብዳቤውን በፍላሽ፣ ከነቫይረሱ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ስታመላልስ ማየት እንዴት አይደንቅ?

እርሱ፦ ይደንቃል፤ ነገር ግን፣ እኅቴ፣ ያልታየ ሁሉ የለም ማለት አይደለምና፣ ባለሙያው በፒንግ ትእዛዝ የሌላውን ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ ጠርቶ መልስ ካገኘ መንገዱ ደኅና ነው፤ የአንዱ ማሽን አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ግን፣ ማሽኑ ከራውተሩ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ ያወጣው ነውና፣ ኬብሉንና ስዊቹን ይመርምር።

እርሷ፦ መንገዱ ደኅና ሆኖ የማሽኑ ስም ብቻ ከኔትወርኩ ዝርዝር ቢጠፋስ?

እርሱ፦ እንግዲያው ምስጢሩ በዊንዶውስ ውስጥ ነው። የቢሮው ኔትወርክ «ፐብሊክ» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ማሽኑ እንደ ባሕታዊ ከዓይን ይሰወራልና «ፕራይቬት» ይደረግ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ኤስኤምቢ 1 የተባለው ጥንታዊ የፋይል መጋሪያ ሥርዓት ነው፤ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር መቅሠፍት በእርሱ ቀዳዳ ገብቶ ዓለምን ካወከ በኋላ፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በወጣው የዊንዶውስ 10 እትም አዲስ በተጫነባቸው ማሽኖች ላይ ቀረ፤ የቀድሞው የስም ዝርዝርም አብሮት ጠፋ።

እርሷ፦ ብዙዎች ኤስኤምቢ 1ን መልሰው ይከፍቱታል እኮ!

እርሱ፦ ይህ በእኔ ፍርድ ስንፍና ነው። «ፋንክሽን ዲስከቨሪ ሪሶርስ ፐብሊኬሽን» የተባለውን አገልግሎት አስነሡ፤ ያም እምቢ ቢል፣ በፋይል ማሰሻው የአድራሻ ቦታ ሁለት የኋሊት ሰረዝ ጽፋችሁ የማሽኑን ስም ወይም አይፒ አስከትሉ፤ ፎልደሩ ለጋራ ከተከፈተ፣ በዝርዝሩ ባይታይም ይከፈትላችኋል።