የቤቱ ኪራይ የማን ነው? ስለ አዲሱ ግሮሰሪ ከዐስር ሶላት በኋላ የተደረገ ንግግር



የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! ከሶላት በኋላ እንድትቆዩ ያስቸገርናችሁ ሁላችሁም ለምታውቁት ጉዳይ ነው። ከመድረሳችን በር ትይዩ፣ ከመስጊዱ አጥር ሰማንያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ «የመጠጥ ማከፋፈያና ግሮሰሪ» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል። ፍሪጁ ገብቷል፣ የቢራ ሳጥኑ እስከ በረንዳው ተደርድሯል። ማለዳ ቁርኣን ሊቀሩ የሚመጡ ልጆቻችን የሚያልፉት በዚያው ነው።

ቁጣችሁ የኔም ቁጣ ነው። ነገር ግን «ጁሙዓ ሰግደን በቀጥታ በሩ ላይ እንቁም» የሚል ወሬ ሰምቻለሁና መጀመሪያ በእሱ ላይ ልናገር። ሰላማዊ ሰልፍ መብታችን ነው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ተጽፏል። የሰልፍ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 3/1983 ግን ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ይላል፤ ደግሞም ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን በ100 ሜትር ዙሪያ ሰልፍ እንዳይደረግ ይከለክላል። ግሮሰሪው ያለው እዚያው 100 ሜትር ውስጥ ነው! መስጊድ አጠገብ መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ተገኘ፤ እዚያው ቆሞ «አይሆንም» ማለት ግን ክልክል ሆነ። ያስቃልም፣ ያናድዳልም። ቢሆንም ሕጉን ጥሰን ከወጣን ነገ ወሬው ስለ መጠጡ መሆኑ ይቀርና ስለ እኛ ይሆናል። በ2004 ከአወሊያ የተነሳውን እንቅስቃሴ የምታስታውሱ፣ «ጠጠር እንዳትነሳ» እየተባባልን ስንት ጁሙዓ እንዳሳለፍን ታውቃላችሁ። አንዲት ጠርሙስ የሚሰብር ወጣት ለባለግሮሰሪው ትልቅ ውለታ ይውልለታል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ግሮሰሪውን የከፈተው ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ሙስሊም ያልሆነ ነጋዴ ነው። ቤቱ ግን የማን ነው? ስሙን አልጠራም። እዚሁ ሰፍ ውስጥ ትከሻችን ከትከሻው ገጥሞ የሚሰግድ ወንድማችን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኸምር ጉዳይ የረገሙት ጠጪውን ብቻ አይደለም፤ አሥር ዓይነት ሰው ነው። ጨማቂው፣ ተሸካሚው፣ ቀጂው፣ ሻጩ አሉበት፤ የሽያጩን ገንዘብ የሚበላውም አለበት። የቤቱ ኪራይ በየወሩ ከየትኛው መሳቢያ ይወጣል?

«ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ማከራየቱን ፈቅደው የለ?» ያለኝ ሰው አለ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ንግግራቸው ግን ስለ ሰዋድ ነበር፤ ያን ጊዜ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስላልነበረበት በኩፋ ዙሪያ ስላለ ገጠር። እዚያም ቢሆን ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው፣ አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ፣ አልተስማሙም። የመስጊድ ጎረቤት የሆነ ቤት ሰዋድ ሊባል አይችልም።

ወንድማችንን ግን ለመስደብ አንቸኩል። ቤቱን ያሠራው ልጁ ዓረብ አገር ተሰዳ በላከችው ገንዘብ ነው፣ አሁን የሚበላው ኪራዩን ነው። «ውጣበት» ብለን ብቻ ከመጣን፣ ነገ ሲቸግረው የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን? መጋዘን የሚፈልጉ የእህል ነጋዴዎች እዚሁ ተቀምጣችኋል፤ ዋጋው ትንሽ ቢጎድልም ተከራዩት። አንዳንዶች «ሐራም ስለተወ ጭራሽ ደንበኛ እንፈልግለት?» ብላችሁ ፊታችሁን እንደምታኮማትሩ አያለሁ። አዎ፣ እንፈልግለት።

ሌላው ደፍረን የማናወራው ጉዳይ ነው። ግሮሰሪው ጫት ቤቶቹ መካከል የተከፈተው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ልጆቻችን ከዙህር ጀምረው ይቅማሉ፤ ሲመሽ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይፈልጋሉ። ነጋዴው የቆጠረው እነሱን ነው። ታፔላው ነገ ቢወርድ ልጁ ባጃጅ ተሳፍሮ የሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) መጀመሪያ የወረደው «አትጠጡ» የሚል ቢሆን ኖሮ ሰዉ እምቢ ይል እንደነበር ተናግረዋል። አላህ (ሱ.ወ) በመጀመሪያ በሱረቱል በቀራ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ አስታወቀ፣ በሱረቱ ኒሳእ ሰክሮ መስገድን ከለከለ፣ ቁርጡ የመጣው በሱረቱል ማኢዳ ነው። ያኔ አነስ (ረ.ዐ) በአቡ ጦልሓ ቤት ለእንግዶች እየቀዳ ሳለ የለፋፊው ድምፅ ተሰማ፤ አንድም ሰው አልተከራከረም፣ መጠጡ በመዲና መንገዶች ላይ ፈሰሰ። ልቡ አስቀድሞ ተሠርቶ ነበርና። የኛን ልጆች ልብ ማን እየሠራው ነው? መድረሳችን ከመግሪብ በኋላ ተቆልፎ ያድራል። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ይከፈታል፤ ለወጣቶቹ ትምህርትም ሻይም ይኖራል።

ለማዘጋጃ ቤቱ የምናስገባው ደብዳቤ «ሙስሊም ስለሆንን ዝጉልን» አይልም። ሰውየው የመነገድ መብት አለው፤ የምንጠይቀው ከመስጊዱና ከመድረሳው እንዲርቅ ነው። አዋጅ 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚያ በታች ናቸው። ይህን ማን እየተቆጣጠረ ነው ብለን እንጠይቃለን። ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር የሚውሉ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም እንፈርማለን ብለዋል፤ እናቶች፣ ወረቀቱን ቡና ስትጠራሩ ይዛችሁላቸው ሂዱ።

ሦስት ሽማግሌዎች ነገ ከሱብሒ በኋላ ወደ ወንድማችን ቤት ይሄዳሉ። ሌላ ሰው አይከተላቸው፣ ደጁ ላይም አይሰብሰብ። የፊርማው ወረቀት በሴቶችም በወንዶችም በር ላይ አለ፤ ሐሙስ ከዙህር በፊት ይሰበሰባል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።