ሻዩ በተደፋበት ማታ



ስለ ስደት ኑሮ እንድናገር ነበር የተጋበዝኩት። እኔ ግን ስለ ሻይ ላወራችሁ ነው።

ቦስተን ውስጥ በየዓመቱ ዲሴምበር 16 የ1773ቱን ተቃውሞ ሕዝቡ ራሱ በትርኢት ይደግመዋል። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ያልወከላቸው የእንግሊዝ ፓርላማ በሻይ ላይ የጣለውን ቀረጥ እምቢ ብለው፣ በሦስት መርከቦች የመጣውን 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ደፉት። ዛሬም ሰዉ እነሱ በመከሩበት በኦልድ ሳውዝ የጸሎት ቤት ተሰብስቦ ይከራከራል፣ ይጮኻል።

አንድ ዓመት ከልጅ ልጄ ጋር ሄድኩ። በር ላይ የማነበው ወረቀት ሰጡኝ፤ የእንግሊዝ ባሪያ አንሆንም የሚል ነው። ተነስቼ አነበብኩ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ! ከስድስት ኪሎ ወዲህ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። እርግጥ እዚያ መጨረሻው የታወቀ ነው። እኛ በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብለን ስንወጣ ማታ የት እንደምናድር እንኳ አናውቅም ነበር።

ስቀመጥ ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አያዬ፣ ፊሊስ ዊትሊ እኮ የዚህ ቤተ ክርስቲያን አባል ነበረች» አለችኝ። ትምህርት ቤት ተምረዋታል። ፊሊስ በ1761 ከአፍሪካ በሕፃንነቷ ተሸጣ የመጣች ናት፤ ስሟ እንኳ የባሪያ መርከቡ ስም ነው። ባርነት ላይ ሳለች በ1773 የግጥም መጽሐፏ ለንደን ታተመ። ቅጂዎቹ ቦስተን የደረሱት ሻዩን ከጫኑት ከሦስቱ መርከቦች በአንዱ፣ በዳርትማውዝ ነው። ለሃርቫርድ ተማሪዎች በጻፈችው ግጥም ደግሞ ራሷን ኢትዮጵያዊት ትላለች፤ በዚያ ዘመን ቃሉ ለጥቁር ሁሉ ነበር።

ወረቀቱ እጄ ላይ ከበደኝ። ባሪያ አንሆንም ይሉ ከነበሩት ውስጥ ቤታቸው ባሪያ የነበራቸው ነበሩ። በእነሱ ልፈርድ ስል ግን የራሴ ነገር መጣብኝ። ስለ አራሹ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጮህ፣ አንድ አራሽ ቁጭ ብዬ አነጋግሬ ነበር? አልነበረም። የከተማ ልጅ ነኝ፤ ጭሰኛን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። መፈክሩ ትክክል ነበር፤ ዛሬም አልክደውም።

ኮሚቴው የየካቲቱን ሰልፍ ግቢያችን ውስጥ በትርኢት ለማሳየት እንዳሰበ ሰማሁ። እደግፋለሁ፣ ጉልበቴ ከፈቀደም እሰለፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ያን ዘመን የሚያስታውስ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይጠራልን። ወረቀት ግን አትስጡት።