ስምንት ሰልፍ ለአንድ ወር ክኒን



አዘጋጆቹ ስለ አገልግሎት አሰጣጥ እንድናገር ሲጠይቁኝ ስለ ኮምፒውተርና ስለ አዲስ መሣሪያ የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እኔ የመጣሁት ስለ ሰልፍ ላወራ ነው።

እስቲ አንድ የደም ግፊት ታካሚ መድኃኒቱን ለማሳደስ የሚያልፍበትን መንገድ አብረን እንቁጠር። መጀመሪያ ካርድ ክፍል ይሰለፋል። ከዚያ ግፊቱን ለመለካት፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ። ምርመራ ከታዘዘለት ለክፍያ፣ ከክፍያ ላብራቶሪ፣ ውጤቱን ይዞ እንደገና ወደ ሐኪም። ከዚያ ለመድኃኒቱ ክፍያ፣ መጨረሻ ላይ ፋርማሲ። ስምንት ሰልፍ! ሐኪሙ የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚሰጠውም ያው ባለፈው ወር የወሰደው ክኒን ነው።

ይህ ሰው የቀን ሠራተኛ ከሆነ የዚያን ቀን ገቢውን ትቶ ነው የመጣው። የትራንስፖርቱም አለ። ግፊት ደግሞ እንደምታውቁት አያምም። የማያም በሽታ በየወሩ አንድ ቀን ሲበላ፣ ሰውየው አንዱን ወር ይዘላል፤ ከዚያ ሁለተኛውን። እኛ ካርዱ ላይ «ያቋረጠ» ብለን እንጽፋለን። በሚቀጥለው የምናገኘው ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት፣ ልጆቹ ተሸክመውት ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ነው። ታዲያ ያቋረጠው ማን ነው?

በሌላ በኩል፣ አገራችን ይህን ነገር በደንብ አስባ የሠራችበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሕክምናው ተስማምቷቸው የተረጋጉ የኤች አይ ቪ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ለስድስት ወር በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ ተፈቀደ። ሞለኪውሉ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ቀጠሮው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ መምጣት ማለት ለገበሬው አጨዳውን አለማጣት፣ ለሠራተኛዋ አለቃዋን በየወሩ ፈቃድ አለመለመን ማለት ነው። ለእኛም ቢሆን ክሊኒኩ ቀለል ሲል የባሰበትን ታካሚ ተረጋግቶ ለማየት ጊዜ ተገኘ።

ሁሌ የምገረምባት ሌላ ነገር ደግሞ በክትባት ብልቃጥ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ናት። በውስጧ ያለችው አራት ማዕዘን ሙቀት እያገኛት ሲሄድ ትጠቁራለች። ከክቡ ቀለም ጋር እኩል ከሆነች ወይም ከበለጠች ክትባቱ ይጣላል። (ቅዝቃዜ ያበላሸውን አትናገርም፤ ከእሷ ሁሉንም መጠበቅ የለብንም።) ጤና ኬላ ያለችው የኤክስቴንሽን ባለሙያ ያለ ላብራቶሪ፣ በዓይኗ ብቻ አይታ ትወስናለች። ያቺን ምልክት የሠራው ሰው መብራት የሌለበት ጤና ኬላ ውስጥ የቆመችውን ባለሙያ አስቧታል።

እኛስ በእጃችን ባለው ምን እናድርግ? የቀጠሮ ካርድ ላይ ቀን እንጂ ሰዓት አንጽፍም። ስለዚህ የአርባ ሰው ቀጠሮ ሁሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይሆናል። በምሠራበት ክሊኒክ «ከ3 እስከ 4 ሰዓት» ብለን መጻፍ ስንጀምር፣ መቼም ማን ያምናል፣ ሰው ያው በጨለማ ነበር የሚመጣው። እውነቱን ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ሲስተናገድ ኖሮ ነዋ። ነገሩ የተለወጠው በካርዱ ላይ ያለውን ሰዓት እኛው ራሳችን ስናከብር ነው፤ የባለ 3 ሰዓቱን የባለ 5 ሰዓቱ እንዳይቀድመው በሩ ላይ የቆመችው ነርስ አጥብቃ ያዘች። ጥቂት ተጣሏት። ከዚያ ወንበሮቹ ባዶ መሆን ጀመሩ። ወጪው እስክሪብቶ ነው።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪ ታሪክ መቀበል፣ ልብ ማዳመጥ ከእናንተ ይማራል። አንድ ቀን ደግሞ ነጭ ጋወኑን አውልቆ፣ አንድ ታካሚን አስፈቅዶ፣ ከግቢው በር እስከ ፋርማሲው መስኮት ይከተለው፤ እያንዳንዱን ሰልፍ በሰዓት ይመዝግብ፤ ሪፖርቱም እንደ ማንኛውም ኬዝ በጠዋት ስብሰባ ይቅረብ። የትኛው ሰልፍ ለታካሚው፣ የትኛው ለእኛ ምቾት እንደተሠራ ያኔ እንወያያለን።

የእኛ የግፊት ክሊኒክ ሐሙስ ሐሙስ ነው። ተማሪ መላክ የሚፈልግ ይንገረኝ፤ 2 ሰዓት ላይ ካርድ ክፍሉ በር ላይ እቀበለዋለሁ።