አሥራ አምስት ቮልት የት ገባ?

ውድ የኤሌክትሪክ ሙያ ተመራቂዎች፣

ስትጋብዙኝ ከመሣሪያ ሣጥኔ አንዲት ቁራጭ የመዳብ ሽቦ ይዤ መጣሁ። ታሪኳን ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት «ምጣዴ እንቢ አለኝ፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም» ብለው ጠሩኝ። ምንም ሳልለካ «ሬዚስታንሱ አርጅቷል» አልኳቸው። አዲስ ገዙ፣ ቀየርኩ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ። በሳምንቱ እንጀራው ያው ነው። ሲጠሩኝ አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ቡና አፍልተው ነው የጠበቁኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ቡና ነው።

ያን ቀን ለካሁ። ምጣዱ በርቶ ሳለ ሶኬቱ ላይ 205 ቮልት፣ በክላምፕ ሜትር 15 አምፔር። 205 ለ15 ሲካፈል 13.7 ኦም ገደማ ነው፤ ደህና ምጣድ፣ 220 ቮልት ቢደርሰው ከ3500 ዋት በላይ የሚስብ። ያኔ ግን 205 በ15፣ 3075 ዋት ብቻ ነበር የሚያገኘው። የጣልኩትን አሮጌ ሬዚስታንስ ከጓሮ አንስቼ ብለካው እሱም ጤነኛ ነው። ወደ ብሬከሩ ሄድኩ፤ 220።

አሥራ አምስት ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። 15 ቮልት ለ15 አምፔር፣ 1 ኦም። አንድ ኦም ስትሰሟት ትንሽ ናት። 15 ቮልት በ15 አምፔር ሲባዛ ግን 225 ዋት ነው፤ ከሁለት ባለ 100 ዋት አምፖል የሚበልጥ ኃይል፣ እናቲቱ የሚከፍሉበት። ከሕዳሴ ግድብ የሚነሳው መስመር 500 ኪሎ ቮልት የሆነው ጅረቱ አንሶ ሽቦ ላይ የሚባክነው እንዲቀንስ ነው፤ ጅረት እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ ኃይል እዚህ፣ ሰው ቤት ውስጥ ይቃጠል ነበር።

ኮርኒሱን ስከፍት መጋጠሚያው ላይ ናስትሮው ቀልጧል፣ ሽቦው ጠቁሯል፣ አጠገቡ ያለው እንጨት መክሰል ጀምሯል። ከሥሩ የልጆቹ አልጋ ነው።

ብሬከሩ ለምን አልወረደም? ብሬከር የሚጠብቀው አምፔር እንዳይበዛ ነው። የላላ መጋጠሚያ ደግሞ አምፔሩን ይቀንሰዋል እንጂ አያበዛውም። ስለዚህ ያንን አደጋ ከእናንተ በቀር የሚያየው የለም። እባካችሁ፣ ማንንም ዕቃ ከማስገዛታችሁ በፊት ሁለት ቦታ ለኩ።

ቮልትን ለአምፔር ማካፈሉን ያስተማረን ጌኦርግ ኦም የጀርመን ቁልፍ ሠሪ ልጅ፣ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። የዘመኑ ባትሪ ኃይሉ እየዋዠቀ ቢያስቸግረው፣ የሁለት ብረቶችን አንዱን መጋጠሚያ በረዶ ውስጥ፣ ሌላውን የሚፈላ ውሃ ውስጥ አድርጎ የማይናወጥ ምንጭ አበጀ። መጽሐፉ በ1827 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ብዙዎች ፊት ነሱት፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ የሸለመው በ1841 ነው። እኔ ከቀመሩ ይልቅ የምወድለት በረዶውንና የፈላውን ውሃ ነው፤ የሚዋዥቀውን ሳያረጋጋ ቁጥሩን አላመነም።

አሁን ከዚያ መጋጠሚያ የቀረችውን ሽቦ ፊት ለተቀመጠችው ተመራቂ እሰጣታለሁ። እስከ መጨረሻው ረድፍ ተቀባበሏት፤ የጠቆረውን ጫፍ በጣታችሁ ንኩት።