ስማችንን ማን ይጠብቀው?

የቡናችን የንግድ ምልክቶች አስተዳደርና የማኅበራት ድርሻ
(የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ ለከተማ መራጮች ያደረጉት ንግግር)



በዚህ የምርጫ ወቅት ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሥራ አጥነት ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከእነዚህ የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። የምንናገረው ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር ስለተባሉ ሦስት ስሞች ነው። ለመድኃኒት፣ ለነዳጅና ለመለዋወጫ ከምንከፍለው የውጭ ምንዛሪ ዋነኛ ምንጮች አንዱ ቡና ነው። ቡናውን በመጋዘን ቁጭ ብላ የምትለቅመው እናት፣ ጆንያውን የሚሸከመው ወዛደር፣ ጭነቱን ወደብ የሚያደርሰው ሾፌርና የላኪው ሒሳብ ሠራተኛ የከተማ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የቡና ስም ጉዳይ ለገበሬው ብቻ የሚተው አይደለም።

በቅድሚያ የሆነውን እናስታውስ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሦስቱን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ይርጋ ጨፌ በ2006 ተመዘገበ። በሲዳሞ ላይ ግን ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ በ2004 ይህንኑ ስም የያዘ የራሱን ማመልከቻ ቀድሞ አስገብቶ ስለነበር፣ ኩባንያው ማመልከቻውን እስኪተው ድረስ የኛ መጠበቅ ነበረበት። ከዚያም የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ። የአሜሪካ መዝጋቢ መሥሪያ ቤትም ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል በማለት ጥያቄያችንን በመጀመሪያ ውድቅ አደረገው። ከብዙ ክርክርና ዓለም አቀፍ ዘመቻ በኋላ ስታርባክስ በሰኔ 2007 ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ፤ እስከ 2008 ድረስም የቀሩት ሁለት ስሞች ተመዘገቡ።

በጃፓንም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ስሞቻችን ከተመዘገቡ በኋላ የመላው ጃፓን የቡና ማኅበር ምዝገባው እንዲሰረዝ ጠየቀ። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት በ2009 ጥያቄውን ተቀበለ። በመጋቢት 2010 ግን የአገሪቱ ከፍተኛ የአእምሯዊ ንብረት ፍርድ ቤት የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ምዝገባ ከየአካባቢው ለሚገኝ ቡና እንዲጸና ወሰነ።

ይህን ሥራ የሠሩ የመንግሥት ባለሙያዎች ምስጋና ይገባቸዋል። የፖለቲካ ተቃዋሚ ስለሆንን መልካም ሥራን አንክድም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በዋሽንግተንም በቶኪዮም በተቃራኒው ወገን የቆመው የነጋዴዎች ማኅበር ነበር። በእኛ ወገን ስሙን ይዞ የቆመው ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ገዢዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ጥቅማቸውን ሲያስከብሩ፣ ቡናውን ያመረተውና የላከው ወገን ስሙን በራሱ እጅ አልያዘም። አበው ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። እኛ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የስሙ ባለቤት ማን ነው? አጥሩንስ ማን ይጠብቀው?

የሕጉን ነገር በአጭሩ እናስረዳ። የአንድን አካባቢ ስም ለመጠበቅ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው የማረጋገጫ ምልክት ነው። በአሜሪካ ሕግ የዚህ ምልክት ባለቤት ምርቱን በምልክቱ ራሱ መሸጥ አይችልም፤ መስፈርቱን ያሟላ ማንኛውንም ሰው ያለ አድልዎ ማስተናገድም ግዴታው ነው። ሁለተኛው የንግድ ምልክት ሲሆን ባለቤቱ ለመረጠው ሰው ፈቃድ ይሰጣል፤ ስምምነቱን ያፈረሰውንም ይነጥቃል። ቡናችን በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ገበሬዎች ትናንሽ ማሳዎች የሚለቀም በመሆኑ፣ እያንዳንዱን ጆንያ ከመነሻው ተከታትሎ ማረጋገጥ ከባድ ወጪ ነበረው። አገራችን ሁለተኛውን መንገድ መምረጧ ስለዚህ ትክክል ነበር። ገዢዎች እንዲቀበሉት ለማበረታታትም ፈቃዱ ያለ ክፍያ ተሰጠ፤ በምትኩ ፈቃድ ተቀባዮች ስሙን በማሸጊያቸው ላይ እንዲያሰፍሩና እንዲያስተዋውቁ ተስማሙ።

ይሁን እንጂ ይህ መንገድ የራሱ ወጥመድ አለው። በብዙ አገሮች ሕግ ፈቃድ ሰጥቶ ጥራቱን የማይቆጣጠር ባለቤት ከጊዜ በኋላ ምልክቱን ሊያጣ ይችላል። ፈቃድ ማለት ፈርሞ መዝገብ ውስጥ ማኖር አይደለም። ማን ፈቃድ እንዳለው ማወቅ፣ ከሱቅ መደርደሪያ ናሙና ገዝቶ መመርመር፣ ያለፈቃድ የሚጠቀመውን መጠየቅ፣ ምዝገባውን በየጊዜው ማደስ ያስፈልጋል። ይህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። የዕለት ተዕለት ሥራ ደግሞ ኑሮው በዚያ ስም ላይ የተመሠረተ ሰው ይሻለዋል።

ሌሎች አገሮች እንዴት አደረጉት? በኮሎምቢያ የቡና አምራቾች ብሔራዊ ፌዴሬሽን በ1927 ተመሠረተ። የኮሎምቢያ ቡና የሚለው ስም በሕግ ጥበቃ ሲያገኝ አስተዳደሩ በውክልና ለዚሁ ማኅበር ተሰጠ፤ በ2007 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ተመዘገበ። ምልክቱን በማሸጊያው ላይ ማተም የሚፈልግ ቡና ቆይ ኩባንያ ከማኅበሩ ጋር ይዋዋላል፤ ቡናው ሙሉ በሙሉ የኮሎምቢያ መሆን አለበት። የማኅበሩ ሥራ የሚሸፈነው ወደ ውጭ ከሚላከው ቡና ላይ በሚሰበሰብ መዋጮ ነው። በሕንድ የዳርጂሊንግ ሻይን ስም የያዘው የሻይ ቦርድ የተባለ የመንግሥት ተቋም ነው። እዚያም ቢሆን ሻይውን የሚያመርትና የሚነግድ ሁሉ ከቦርዱ ጋር ውል ይፈርማል፣ ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላል፣ ያመረተውንና የሸጠውን መጠን ያሳውቃል። ሁለቱ አገሮች የተለያየ መንገድ ቢከተሉም፣ ፈቃዱን የሚያስተዳድር፣ ገንዘብና ሥልጣን ያለው አንድ የታወቀ አካል በሁለቱም አለ።

በእኛ አገር የሕብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ ላኪዎችና መሥሪያ ቤቶች የተወከሉበት የባለድርሻ አካላት ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ጅምሩ መልካም ነው። ኮሚቴ ግን ይመክራል እንጂ በራሱ ስም ውል አይዋዋልም፣ አይከስም። በ2008 ቡና በምርት ገበያው በኩል እንዲሸጥ ሲደረግ ደግሞ የብዙ ገበሬዎች ቡና በወረዳና በደረጃ ተደባለቀ፤ የማን ማሳ እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። በ2017 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051 በሩን መልሶ ከፍቷል። አቅራቢው በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ሲችልና የቡናው ምንጭ ሲታወቅ ስምን መቆጣጠርም ይቻላል። መሣሪያው አለ፤ የጎደለው ያዡ ነው።

በመሆኑም ፓርቲያችን ድምፃችሁን ቢያገኝ የሚከተሉትን ለመፈጸም ቃል ይገባል።

1. ስሞቹ የሕዝብ ሀብት ሆነው ይቆያሉ፤ አይሸጡም። የፈቃድ አስተዳደሩ ግን የአምራቾች ዩኒየኖች፣ አቅራቢዎችና ላኪዎች ለሚመሠርቱት ማኅበር በሕግ በውክልና ይሰጣል። ማኅበሩ ግዴታውን ካልተወጣ ውክልናው ይነሣል።

2. በማኅበሩ ቦርድ አብላጫውን መቀመጫ አምራቾች ይይዛሉ። ምርጫው በምሥጢር ድምፅ ይሆናል። የማንኛውም ፓርቲ ኃላፊ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ በቦርዱ አይቀመጥም። ማኅበር የካድሬ መሾሚያ ወይም የጥቂት ትልልቅ ላኪዎች መጠቀሚያ ሆኖ ከሚቀር ባይኖር ይሻላል።

3. የፈቃድ ተቀባዮች ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። ማኅበሩ ናሙና የመመርመርና ፈቃድ የመንጠቅ ሥልጣን ይኖረዋል። ፈቃዱ የተነጠቀበት ሰው ለፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል።

4. ወደፊት ከሚታደሱ ውሎች ጀምሮ ከውጭ ገዢዎች አነስተኛ ክፍያ እንዲጠየቅ ድርድር ይደረጋል። ገንዘቡ በነፃ ኦዲተር ተመርምሮ በየዓመቱ ይፋ ይሆናል።

5. በከተሞቻችን ቡና ቆልተው፣ ፈጭተውና አሽገው ለመላክ ለሚፈልጉ ወጣቶችና አነስተኛ ድርጅቶች ፈቃዱ ያለ ክፍያና ያለ ምልልስ ይሰጣል።

6. እንደ ጉጂና ሊሙ ያሉ በገበያ የታወቁ ስሞችም ከየአካባቢው ሕዝብ ጋር በመመካከር ጥበቃ እንዲያገኙ ይደረጋል።

ውድ መራጮች፤

ስም ብቻውን ዋጋ አይጨምርም። የዓለም ገበያ ሲወድቅ ስምም አብሮ ይፈተናል፤ የጥራት ጉድለትንም ስም አይሸፍነውም። ስለዚህ ማኅበሩ በተቋቋመ ማግሥት የሁሉም ኪስ ይሞላል ብለን አንዋሽም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ቡናው በውድ ዋጋ የሚሸጥበት ስም ካለ፣ ስለዚያ ስም ሲወሰን አምራቹ፣ ነጋዴውና ሠራተኛው በጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው። ገዢዎቻችን በማኅበር ተደራጅተው ነው የመጡብን፤ እኛም በማኅበር ተደራጅተን እንጠብቃቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ፕሮግራማችንን አንብቡ፣ ከሌሎቹ ጋር አነጻጽሩ፣ በምርጫው ቀን ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ።